በወር ሠላሳ ፈላጊ

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ አለዚያ ጫማ ሰሪው ቀድሞኝ ለሰው ሁሉ ያወራዋል፤ እሱ ሲያወራው ደግሞ እግርና ጫማ ጨምሮለት ነው። ደግነቱ ነገሩ በደህና አለፈ። ባያልፍ ኖሮ እንኳን ልጽፈው፣ በዚያ ሱቅ በር ቀና ብዬ ማለፍም አልችልም ነበር።

ልብስ ተኳሽ ነኝ። እኔ የምሠራበትን ክፍልና የጫማ ሰሪውን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስስ ስል የምሬን ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ “ይማርህ” የምለው ከካውያዬ ሳልነሳ ነው። እንዲህ ሆነን ሃያ ሁለት ዓመት ኖርን። ሰፈሩ “ካውያ” ነው የሚለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ ጠይቄ አላውቅም።

ጎረቤቴ የሚሠራው ተራ ጫማ አይደለም። እግራቸው ፋብሪካ እንዳሰበው ላልሆነላቸው ሰዎች ነው የሚሠራው፤ አንዱ እግሩ ላጠረ፣ ለተጣመመ፣ ለሚያብጥ፣ ጣቱ ለጎደለ። መንገድ ላይ ሰላም ብትሉት መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚያየው። “ግራሽን ትጎትቻለሽ” ይላል። “እንዴት አደርሽ” የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቱ በሩ አጠገብ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ ትእዛዝ ትቀበላለች። በትዳር ዘመናቸው የተጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ እሱም የትእዛዝ ወረቀት ነው። ባል የሚፈልገው “ግራ፣ ሁለት ሳንቲም ከፍ” የሚል አጭር ነገር ነው። ሚስት ግን ደንበኛው የተናገረውን እንደወረደ ትጽፈዋለች። “ደረጃ ስወርድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል ትላለች። ግራዋ ነው።” በቃ፣ ትእዛዙ ይኸው ነው።

“ይሄ ምንድን ነው?” ይላል ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ። “ትእዛዝ ነው ወይስ የፍቅር ደብዳቤ?”

“አንተ ለእግሩ ስፋ፤ ሰውየውን ለእኔ ተወው” ትለዋለች።

እሱም ወረቀቱን ጨምድዶ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ጫማው ሲያልቅ እሷ ከኪሱ አውጥታ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደምታስቀምጠው እሷም አታውቅም ነበር።

ታዲያ አምና ከደጃችን የነበረው የአውቶቡስ ማቆሚያ ወደ ላይኛው መንገድ ተዛወረ። የእኔ ደንበኛ አልቀረም፤ ሸሚዙ የተጨማደደበት ሰው ወዴት ይሄዳል? የእሱ ደንበኛ ግን አውቶቡስ ሲጠብቅ ታፔላውን አንብቦ የሚገባ ነበር። አንባቢው ሲጠፋ በሩን የሚከፍትም ጠፋ።

በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሥራዋን ልታስረዳኝ ብዙ ደክማለች፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ስልኩን ሲያነሳ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታጠናለች። ከዚያ ለባለሱቆች “ድረ ገጻችሁ ላይ ይህን ቃል ብትጽፉ ትገኛላችሁ” ትላቸዋለች። ቁልፍ ቃል ይሉታል። እኔ ልጅቷን “ቃል ለቃሚዋ” ብያታለሁ፤ እሷም አልተቀየመችም።

ለአባቷም ድረ ገጽ ሠርታለት ነበር። “ምን ብዬ ልጻፍበት?” ብትለው፣ “ታፔላዬን ገልብጪ! ታፔላው ምን ጎደለው?” አላት። ታፔላው “የአካል ድጋፍ ጫማ ማምረቻ” ይላል። የአባት ነገር ሆኖባት ገለበጠችው።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ካውያው እስኪግል እጄ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ስልክ ይነካል። “የአካል ድጋፍ ጫማ ማምረቻ” ብዬ እጽፋለሁ። የጎረቤቴ ሱቅ ከሁሉም በላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። ከፍቼ የበሩን ፎቶ አይና እዘጋዋለሁ። ከዚያ ግድግዳውን በጡጫዬ ሁለቴ መታ መታ አድርጌ “አንደኛ ነን!” እላለሁ።

“ተመስገን!” ይላል ከወዲያ።

አምስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ ይህን የመሰለ ኃላፊነት በእጄ ስለገባ ኮራሁበት እንጂ፣ አንደኛ የወጣ ሱቅ ለምን ባዶውን ይውላል ብዬ አልጠየቅኩም።

የጠየቀው እሱ ነው። መልሱንም ራሱ ሰጠ። አንድ ሰኞ በሬ ላይ ቆሞ፣ “በይ እንግዲህ ካውያ፣ በቃኝ” አለኝ። “አንደኛ ሆነን የሚመጣ ከሌለ የሚፈልገን የለም ማለት ነው። ሁለተኛ ብንሆን ገፋ እናድርገው እል ነበር። ከአንደኛ በላይ ወዴት ይኬዳል?”

መስፊያ ማሽኑን ለቦርሳ ሰፊው ሊሸጥለት ቃል ገብቶ ነው የመጣው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደዋል። ያ ማሽን ከሄደ ሱቁም ሄደ ማለት ነው፤ ያንን ወፍራም ሶል የሚወጋ ሌላ ማሽን የለውም።

ከሰዓት ሚስቱ መጥታ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። “ቤት ቁጭ ብሎ የእኔን እግር ሲያይ ሊውል ነው” አለች። ስቄ ቀና ስል እሷ አልሳቀችም። “አባቱም ሥራ ያቆመ ዕለት ደህና ነበር። ዓመት ሳይሞላው ነው አልጋ የያዘው።”

ማታውኑ ለልጇ ደወለች። ልጅቷ ረቡዕ ላፕቶፗን አዝላ ከተፍ አለች። የገባችውም እኔ ጋ ነው፤ ከሁለታችን ቤት ሰፊ ጠረጴዛ ያለው የእኔ ነው።

“እትዬ፣ አንደኛ ነን የሚለው ወሬ ከየት ነው የመጣው?”

“ከእኔ ነዋ!” አልኩ ደረቴን ነፍቼ። “በየቀኑ ነው የማየው።”

“በየትኛው ስልክ?”

“በራሴ። በሰው ስልክ ላይ ምን አገባኝ?”

ልጅቷ ዙሪያዋን ቃኘች። ሱሪው እስኪተኮስ የሚጠብቅ አንድ አስተማሪ ነበር፤ ወደ እሱ ዞራ፣ “ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በስልክዎ አንድ ነገር ቢጽፉልኝ” አለችው። የታፔላውን ቃል ነገረችው፤ ጻፈ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለንም። ሁለተኛው ላይ የለንም። አስተማሪው ጣቱን ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ከአንድ የመኪና ጎማ ነጋዴ ሥር ተገኘን።

“ስልኩ ተበላሽቷል” አልኩ።

“ስልኩ ደህና ነው፣ እትዬ። የአንቺው ነው አንቺን የለመደሽ። በየቀኑ ያንኑ ስትከፍቺ ‘ይህች ሴትዮ የምትወደው ይሄንን ነው’ ብሎ ከላይ ያስቀምጥልሻል። ለአንቺ ብቻ።”

የአስተማሪው ሱሪ በእጄ ላይ ሊቃጠል ምንም አልቀረው።

“ቆይ ደግሞ፣ ይህን ቃል በወር ስንቴ እንደሚፈልጉት የሚያሳየኝ አለ” አለችና ላፕቶፗን ጠቅ ጠቅ አደረገች። “ሠላሳ።”

“ታዲያ ሠላሳ ፈላጊ ቀላል ነው?” አልኩ፤ ትንሽ ነፍስ ዘርቼ።

ትክ ብላ አየችኝ። “እትዬ፣ አንድ ወር ስንት ቀን ነው?”

ቀድሞ የሳቀው አስተማሪው ነው። ከዚያ ግድግዳው ሁለቴ መታ መታ ተደረገና ከወዲያ፣ “ካውያ! አንደኛ ነሽ!” የሚል ድምፅ መጣ። ያ ስስ ግድግዳ ለካ ለእኔ ብቻ አልነበረም የሳሳው።

ውሃ ሆንኩ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሥራ ሊዘጋ የተነሳው በእኔ ወሬ ነው። “እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ” ብሎ ማማረር እንኳ አማረኝ፤ ግን ማን ላይ ይማረራል? እሱ ጭራሽ በሬ ላይ መጥቶ፣ “ይኸው አልኳችሁ! ሠላሳው ካውያ ከሆነች ከሠላሳ ላይ ሠላሳ ሲቀነስ ማንም አይፈልገንም” አለ።

“አባዬ፣ አንተን የሚፈልጉህ ሰዎች ታፔላህን አንብበው አያውቁም” አለችው ልጁ። “በታፔላህ ስም እንዴት ብለው ይፈልጉህ?”

“እንግዲያው ምን ብለው ይፈልጉኝ?”

“ገና ነዋ። እሱን ልለቅም ነው የመጣሁት።”

ካውያዬን ወደ ዳር ገፍቼ ግማሹን ጠረጴዛ ለቀቅኩላት። አባትየው ያወቀውን ቃል ሁሉ ነገራት፤ የሙያ ቃል። እያንዳንዱን ስትጽፈው ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንዳንዴ አሥር። “ጫማ” ብላ ብቻ ስትጽፍ ደግሞ ቁጥሩ ዓይን ያጠፋል፤ ግን ትልልቆቹ መደብሮች ተደርድረው በሩን ዘግተውታል። “አባዬን እዚህ መሃል ማስገባት ባሕር ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ መድፋት ነው” አለች። ቀጥላም አገጯን ይዛ፣ “እግሩን ያመመው ሰው የዕቃውን ስም አያውቅም። የሚያውቀው የደረሰበትን ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለደንበኞቹ አንድ በአንድ እየደወልኩ ‘የደረሰባችሁን ምን ብላችሁ ነው የምትናገሩት’ ብዬ እጠይቅ ነበር። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ግን ከየት ላምጣው?”

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ፈጠን ብላ ወጣች። ስትመለስ የጫማ ካርቶን ታቅፋለች። አስቀምጣው ተመልሳ ሄደች፤ ሌላ ካርቶን። ዘጠኝ ካርቶን ተደረደረ።

“እንኪ” አለች ልጇን። “የአባትሽ የፍቅር ደብዳቤዎች።”

የሠላሳ ዓመት የትእዛዝ ወረቀት ነው። በሽርጥ ኪስ የተጨመደደ፣ በማስቲሽ የተጣበቀ፣ አንዳንዱ አራት ቦታ ታጥፎ መሃሉ የማይነበብ። ልጅቷ አንዱን ልትዘረጋው ስትል ጫፉ ተቀደደባት።

“እጅሽን!” አልኳት። “እሱ የእኔ ሥራ ነው።”

ካውያውን አቀዘቀዝኩት። ነጭ ጨርቅ ከላይ፣ ነጭ ጨርቅ ከታች፣ ወረቀቱ መሃል፤ ቀስ ብዬ። የወጣው ወረቀት እንደ አዲስ ሸሚዝ ቀጥ አለ። አምስት ወር ያጠፋ እጄ ቢያንስ ለዚህ ይሁን ብዬ ያን ቀን ለደንበኞቼ “ነገ ኑ” አልኩ። እኔ እተኩሳለሁ፣ እናት ታነባለች፣ ልጅ ትጽፋለች።

“ከአደጋው በኋላ አንድ እግሬ አጠረ፤ ወገቤን ያመኛል። ሐኪሙ ጫማ አሠራ አለኝ እንጂ የት እንደሚሠራ አልነገረኝም ይላል።”

“ጠዋት የገባልኝ ጫማ ከሰዓት አይገባልኝም፤ እግሬ ያብጣል ትላለች።”

“የጫማዬ ሶል በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያልቀው ለምንድን ነው ይላል። ሦስት ጫማ ይዞ ነው የመጣው፤ እውነቱን ነው።”

ልጅቷ “አንድ እግር ሲያጥር ወገብ ሲያም” ብላ ጻፈች። ከዚያ ጣቷን አንስታ ቀረች። ዜሮ አይደለም። አራት መቶ ነው። “እግር ሲያብጥ የሚሆን ጫማ” አለች፤ ሁለት ሺህ። “ሶል በአንድ ጎን ሲያልቅ” አለች፤ ሰባት መቶ ምናምን። ያ ሁሉ ሰው ሱቃችንን በየወሩ ሲፈልግ ኖሯል፤ በሩን ግን አያውቀውም።

ወረቀቶቹን በሦስት ቦታ ከመርናቸው። ለምን ብለን ስንጠይቃት፣ “‘ለምን ያብጣል’ የሚል ሰው ማወቅ ነው የፈለገው፤ ‘ምን ይሻላል’ የሚለው እያመነታ ነው፤ ‘የት ይሠራል’ የሚለው ግን ጫማውን አውልቆ ነው የሚጠብቀን” አለች። ከዚያ በኋላ ወረቀት ከካውያዬ ሥር በወጣ ቁጥር “ያወለቀ ነው ወይስ ያላወለቀ?” እያልን ሳቅን።

እናትየው የምትወደው ወረቀት ላይ ስንደርስ ድምጿን አሳመረች። “ደረጃ ስወርድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል።” ልጅ ጻፈችው። ዜሮ።

“ዜሮ?” አለች እናት ተቀይማ። “እንግዲያው ይሄ ዕቃሽ ሰው አያውቅም።”

“እማዬ፣ ይሄንን ሰው ለስልክ አይናገረውም። ለአንቺ ብቻ ነው የነገረችሽ።” ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ “ገጹ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ። የመጣው ሰው ሲያነብበው እዚህ የሚሰማ ሰው እንዳለ ያውቃል” አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባትየው ከግድግዳው ወዲያ አኩርፎ ተቀምጧል። ግን የእግር ነገር ሲነሳ ዝም ማለት የት ያውቃል! እናትየው የወገቡን ታሪክ ደግማ ስታነብ ከወዲያ ጮኸ።

“መጀመሪያ ይለካ! ከአንድ ሳንቲም በታች ከሆነ ከጫማው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካለፈ ከሶሉ ነው። ወገቡ የሚያመው ማንም ሳይለካው በግምት ስለሠራለት ነው!”

ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችንና መጻፍ ጀመረች። እናትየው አንዱን ጥያቄ አንብባ ትጠብቃለች፤ ግድግዳው ይመልሳል፤ ልጅቷ ትጽፋለች። እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ጠርጥሮ፣ “ከማን ጋር ነው እኔ የምነጋገረው?” አለ።

“ከሁለት ሺህ ሰው ጋር” አለችው ልጁ።

ሐሙስ ማታ ገጹ ወጣ። ልጅቷ ግን አላታለለችንም። “በራሱ ወደ ላይ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈልጋል። ለጊዜው ጫማቸውን ላወለቁት ብቻ፣ በዚህ ከተማ ላሉት ብቻ፣ ትንሽ ማስታወቂያ አድርጌበታለሁ” አለች። እኔንም ስልኬን ተቀበለችኝና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው። “አንቺ ከነካሽው መጥቶ ያየን ሰው ይሁን አንቺ አናውቅም።”

“ቅዳሜ ማሽኑ ይሄዳል” አለ አባትየው። “ቃሌን ሰጥቻለሁ።”

ዓርብ ጠዋት የሦስት ሰው ሸሚዝ ተኮስኩ ብዬ ሳይ አንዱኑ ሸሚዝ ሦስቴ ተኩሼዋለሁ። ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው። ረፋዱ ላይ ስልክ ጮኸ። “አቤት” አለች ባለቤቱ። “አዎ፣ እዚሁ ይሠራል።” ቆየት ብላ፣ “የትኛው እግርዎ ነው?” አለች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

ያች ሴት ድምጿ የሚጠፋው ስትጽፍ ብቻ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ካውያውን ነቅዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት በደንብ ተነፈስኩ።

ከሰዓት ደዋዩ ራሱ መጣ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እሱ ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ፀጉር ሠሪ ያበጠ እግሯን ይዛ ገባች። አመሻሽ ላይ አንዲት እናት ደውላ ለሰኞ ተቀጠረች። ጎረቤቴ እግር እየለካ ፊት አላየም፤ እኔ ግን በበሩ ሾልኬ የእሱን ፊት አየሁት።

ቅዳሜ ቦርሳ ሰፊው ጋሪ ይዞ መጣ። ማሽኑ ከውስጥ እየጮኸ ነው፤ የሾፌሩን ሶል እየሰፋ። ካውያዬን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እናትና ልጅም ከባንኮኒው ኋላ ቆመዋል። ጫማ ሰሪው ማሽኑን አቆመ፤ ተነሳ፤ ሽርጡን አስተካከለ።

“ወንድሜ” አለው አንገቱን ደፍቶ፣ “ቃሌን ላጥፍብህ ነው። እንደ ሰው ቀን ጎድሎብኝ ነበር የሰጠሁህ። ይቅር በለኝ።”

ቦርሳ ሰፊው ባርኔጣውን አወለቀ። ማሽኑን አየ፤ እኛን አየ። “እውነትህን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

“እፎይ!” ብሎ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። “ይሄ ማሽን ለእኔ ቆዳ ይከብዳል፤ በቀዳዳው ቦርሳዬን ያበላሽብኛል። ሰኞ ዕለት ልነግርህ ነበር፤ የሚከፋህ መስሎኝ አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሚስቴ ‘ምን ልታደርገው ነው’ እያለች ፋታ ነስታኛለች። ባዶ ጋሪ ይዤ ስገባ ታቅፋ ነው የምትስመኝ!”

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተከባብረው ሊጠፋፉ ነበር እኮ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ጋሪውን ለመግፋት እስኪያቅተው ስቆ ሄደ።

ልጅቷ ስልኬን ስትመልስልኝ አስምላኛለች፤ ያንን ሱቅ ዳግመኛ አልፈልገውም። ከባድ መሐላ ነው፤ ጠዋት ካውያው እስኪግል እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ግድግዳውን ግን ማንም አልከለከለኝም። ሁለቴ መታ መታ አደርግና “ስንተኛ ነን?” እላለሁ።

“ዞር በይ፣ እግር እየለካሁ ነው!” ይላል ከወዲያ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ልጇ ጋ ሄዳ ሦስት ቀን ቆየች፤ ትእዛዝ የተቀበለው እሱ ነው። ስትመለስ የተቀበለውን ወረቀት ይዛ እኔ ጋ ገባች፤ የተጨማደደ ነው፣ ተኩሽልኝ አለች። ተኮስኩት። በእሱ ትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ “ልጄን ይዤ ስሄድ እሷ ቀድማኝ ትሮጣለች፤ አንድ ቀን ልደርስባት እፈልጋለሁ ይላል። ቀኝ። ሦስት ሳንቲም።”

ሁለታችንም ድምፃችንን አውጥተን እያነበብነው ሳለ ግድግዳው ተመታ።

“ያነበባችሁትን ሰምቻለሁ! ትእዛዝ ነው፣ የፍቅር ደብዳቤ አይደለም!”